ዜማው ቀርቶ ቋንቋው የጠፋበት ምድር



የዚህ ወር ጉዟችን ወደ ደቡብ ስፔን፣ ዓሊሞቻችን በኪታብ «አንደሉስ» እያሉ ሲያነሡት ወደኖሩት ምድር ነው። መንገዱን የሚመሩን የድሮ ፊልሞች ናቸው። ፊልሞቹ የተነሡት ፍላሜንኮ የተባለውን የአካባቢውን ዘፈንና ጭፈራ ለመቅረጽ ነበር። ይሁን እንጂ ካሜራው ዘፋኙን ሲከተል ከበስተጀርባ የሚታየው ግንብ፣ ግቢ፣ የውኃ ቦይና ማማ ብዙውን ጊዜ የሙስሊሞች እጅ የሠራው ነው።

«ኢስላማዊ የቤተሰብ መጽሔት ስለ ጭፈራ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው ግን አንድ ነገር እናስተውል። ጣሪቅ ኢብን ዚያድ ባሕሩን ከተሻገረበት ከ711 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግራናዳ እስከ ወደቀችበት እስከ 1492 ድረስ ባለው 781 ዓመት ውስጥ በዚያ ምድር ላይ አዛን ተሰምቷል። ዛሬ ግን የአካባቢው ስም ሲጠራ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው ጊታርና ጭብጨባ ነው። በአዛኑና በጊታሩ መካከል ምን ተፈጠረ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ፊልሞቹ

የስፔን ጭፈራ በፊልም መቀረጽ የጀመረው ፊልም ራሱ ሲጀመር ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. ካርመንሲታ የተባለች የአልሜሪያ ተወላጅ በአሜሪካ በቶማስ ኤዲሰን ስቱዲዮ ስትጨፍር ተቀረጸች። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ርዝመቱም አንድ ደቂቃ አይሞላም። በ1905 ደግሞ ፈረንሳዊቷ የፊልም አዘጋጅ አሊስ ጊ ወደ ስፔን ተጉዛ የከተሞችንና የጭፈራን ምስል ቀርጻለች። ይህም ድምፅ አልባ ነበር። ተመልካቹ እግር ሲመታና ቀሚስ ሲዞር ያያል እንጂ የፍላሜንኮ ልብ የሆነውን የሰው ድምፅ አይሰማም።

በ1952 ኤድጋር ኔቪል የተባለው ስፔናዊ «የፍላሜንኮ መንፈስና ምሥጢር» የሚል ትርጉም ያለውን በቀለም የተሠራ ዶክመንታሪ አወጣ። ከሁሉም በላይ ግን ለእኛ ጉዞ የሚጠቅመው ከ1971 እስከ 1973 በስፔን መንግሥት ቴሌቪዥን የቀረበው ተከታታይ ፕሮግራም ነው። ስሙ ሲተረጎም «የዘፈኑ ሥርዓትና መልክዐ ምድር» ማለት ነው። ማሪዮ ጎሜዝ፣ ፔድሮ ቱርቢካና ሆሴ ማሪያ ቬላስኬዝ የተባሉ ሰዎች ካሜራ ተሸክመው ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ክፍሎችን በጥቁርና ነጭ ቀረጹ።

ጊዜው የጄኔራል ፍራንኮ አገዛዝ የመጨረሻ ዘመን ነበር። መንግሥት ፍላሜንኮን ለቱሪስት መሳቢያ ያደረገው ሲሆን በማስታወቂያው ላይ የምትታየው ነጠብጣብ ቀሚስ የለበሰች፣ ፈገግ ያለች ሴት ነበረች። ሦስቱ ሰዎች ግን ወደ ድሆች ቤት ገቡ። ፊልማቸው የሚያሳየው በወጥ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ጥቁር የለበሰች አሮጊት፣ በግድግዳው ጥግ የቆሙ የልጅ ልጆች ነው። ሽማግሌው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ አንዲቱን ፊደል ይዞ ድምፁን ወደ ላይ እያወጣ፣ እያጠፈና እየሰበረ ረጅም መንገድ ይወስዳታል። ቁርኣን ሲቀራ ወይም መንዙማ ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ ድንገት ቀና ይላል። ቃሉ ባዕድ ነው፤ የድምፁ አካሄድ ግን ፈጽሞ ባዕድ አይመስለውም።

ሮንዳ

የኔቪል ፊልም ከሚታወቅባቸው ትዕይንቶች አንዱ የተቀረጸው በሮንዳ ነው። አንቶኒዮ የተባለው ዝነኛ ጨፋሪ በገደሉ አጠገብ ቆሞ በብረት ቀጥቃጮች ዜማ ላይ ይጨፍራል። ከተማዋ ወደ መቶ ሜትር በሚጠልቅ ገደል ለሁለት የተከፈለች ስትሆን ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኘው ትልቁ ድልድይ በ1793 የተጠናቀቀ ነው።

ካሜራው ድልድዩንና ገደሉን ያሳያል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከወንዙ አጠገብ ግን በ13ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የተሠራ የሙስሊሞች የመታጠቢያ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገቡ ኮከብ መሰል ቀዳዳዎች አሉት። በዚያው መቶ ዘመን የኖረው ባለቅኔው አቡል በቃእ አር-ሩንዲ የዚህች ከተማ ልጅ ነበር። ኮርዶባ በ1236፣ ሴቪያ በ1248 ከእጅ ሲወጡ አይቶ በዓረቡ ዓለም እስከ ዛሬ የሚታወቀውን የአንደሉስን ሙሾ ገጠመ። ሮንዳ ራሷ የወደቀችው እርሱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1485 ነው።

ሴቪያና ሄሬዝ

ወደ ምዕራብ ስንጓዝ ሴቪያ እንደርሳለን። ከተማዋን የሚያቋርጠው ወንዝ ጓዳልኪቪር ይባላል፤ ይህም «አል-ዋዲ አል-ከቢር»፣ ትልቁ ሸለቆ ወይም ትልቁ ወንዝ ማለት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ትሪያና ብዙ የፍላሜንኮ ቤተሰቦች የኖሩበት ሰፈር ነው። ከወዲህ ማዶ ደግሞ ሂራልዳ የተባለው ማማ ይታያል። ይህ ማማ በሙወሒዶች ዘመን፣ በ1198 የተጠናቀቀ የታላቁ መስጊድ ሚናራ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ሳይሆን በዘቅዛቃ መንገድ ነው። ዛሬ በላዩ ላይ ደወል ተሰቅሏል።

ከሴቪያ ወደ ደቡብ ሄሬዝ አለች። ሙስሊሞች ሸሪሽ ይሏት ነበር። በከተማዋ ግንብ ውስጥ ከሙወሒዶች ዘመን የቀረች አንዲት ትንሽ መስጊድ አለች፤ ከድል በኋላ ቤተ ክርስቲያን ተደርጋ ስለነበር ሳትፈርስ ተርፋለች።

የ1971ዱ ተከታታይ ፊልም ብዙ ጊዜ ያሳለፈው በእንዲህ ዓይነቶቹ ከተሞች ነው። ዘፋኞቹ አብዛኞቹ ጂፕሲዎች ናቸው፤ ስፔኖች «ሂታኖ» ይሏቸዋል። መነሻቸው ሕንድ ሲሆን ወደ ስፔን የገቡት በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። ብዙዎቹ በብረት ቀጥቃጭነት ይተዳደሩ ነበር። «ማርቲኔቴ» የሚባለው ዜማ ከቀጥቃጭ ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ በጊታር አይታጀብም፤ አንዳንዴ መዶሻ በብረት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ምት ብቻ ይበቃዋል። የሚያወሳውም እስር፣ ረሃብና ስደት ነው።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ስፔን በ1499 በሂታኖዎች ላይ የመጀመሪያውን ከባድ ዐዋጅ አወጣች። በ1749 ደግሞ በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ እንዲታሰሩ ተደረገ፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ ተለይተው ወደ ግዳጅ ሥራ ተላኩ። ብረት ቀጥቃጩ ሽማግሌ በፊልሙ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዜም የሚያስታውሰው የራሱን ችግር ብቻ አይደለም።

ግራናዳ

የጉዟችን ልብ ግራናዳ፣ በዓረብኛ ስሟ ገርናጣ ናት። በአንድ ኮረብታ ላይ አል-ሐምራእ ቆሟል። በግድግዳዎቹ ላይ «ከአላህ በስተቀር አሸናፊ የለም» የሚለው የነስሪዮች መፈክር ደጋግሞ ተቀርጿል። ሆሴ ቫል ዴል ኦማር የተባለው የግራናዳ ተወላጅ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሠራው አጭር ፊልም የእነዚህን ቤተ መንግሥቶች ውኃ ከፍላሜንኮ ድምፅ ጋር አዋህዶ አሳይቷል። ውኃው ወደ አል-ሐምራእ የሚመጣው በናስሪዮች ዘመን በተቆፈረ ቦይ ነው። ስፔኖች ዛሬም የመስኖ ቦይን «አሴኪያ» ይሉታል፤ «አስ-ሳቂያ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የተወሰደ ነው።

በአል-ሐምራእ ትይዩ አልባይሲን የተባለው የሙስሊሞች የቀድሞ ሰፈር አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ኮረብታው ሳክሮሞንቴ ይባላል። እዚህ ሂታኖዎች በኮረብታው ሆድ ውስጥ ዋሻ ፈልፍለው፣ ውስጡን በኖራ አንጥተው፣ ግድግዳው ላይ የመዳብ ዕቃ ሰቅለው ይኖሩ ነበር። በዚያ የሚጨፈረው የሠርግ ጭፈራ «ዛምብራ» ይባላል። ይህ ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው። ከ1962 ወደ 1963 በተሸጋገረው ክረምት በጣለው ከባድ ዝናብ ብዙዎቹ ዋሻዎች ተጎድተው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ፤ ዛሬ በቀሩት ዋሻዎች የሚጨፈረው በአብዛኛው ለጎብኚ ነው። የቀድሞው ኑሮ በድሮ ፊልም ካልሆነ በቀር አይገኝም።

ዛምብራ የሚለው ቃል ግን ከዋሻዎቹ በፊት ሌላ ታሪክ አለው።

ሙስሊሞች በጥር 1492 ግራናዳን ሲያስረክቡ ሃይማኖታቸው፣ መስጊዳቸውና ሸሪዓቸው እንደማይነካ በጽሑፍ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ቃሉ የቆየው ሰባት ዓመት ነው። በ1499 ብፁዕ ሲስኔሮስ በግዳጅ ማጥመቅ ጀመሩ፤ የዓረብኛ መጻሕፍትም በአደባባይ ተቃጠሉ። በግድ የተጠመቁት ሙስሊሞች «ሞሪስኮ» ተባሉ። በ1567 ደግሞ አዲስ ዐዋጅ ወጣ፤ ዓረብኛ መናገርና መጻፍ፣ የሴቶች መሸፈኛ፣ የባህል ልብስ፣ የመታጠቢያ ቤት፣ የሙስሊም ስም፣ ዛምብራም ጭምር ተከለከለ። ዓርብ ዓርብ የቤት በር ክፍት እንዲሆን ታዘዘ፤ የሚሰግድ ካለ እንዲታይ!

ፍራንሲስኮ ኑኜዝ ሙሌይ የተባለ አንድ አዛውንት ሞሪስኮ ለባለሥልጣኖቹ የጽሑፍ አቤቱታ አቀረበ። ዛምብራ የአገር ባህል እንጂ የሃይማኖት ሥርዓት አይደለም ብሎ ተከራከረ። ማስረጃውም አስገራሚ ነበር። በሙስሊሞች ዘመን እንኳ ፉቀሃዎች ባሉበት ለእነርሱ ክብር ሲባል ሙዚቃው ይቆም ነበር ይላል። ይህ ቃል ለእኛ ብዙ ይነግረናል። የግራናዳ ሙስሊሞች ይጫወቱ ነበር፤ ዓሊም ሲመጣ ደግሞ መሣሪያቸውን ያስቀምጡ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ያውቁት ነበር።

አቤቱታው ሰሚ አላገኘም። በ1568 በአልፑሃራስ ተራሮች ዐመፅ ተነሣ፤ እስከ 1571 ከቆየ በኋላ በኃይል ተደመሰሰ። የግራናዳ ሞሪስኮዎች በመላ ካስቲያ ተበተኑ። ከ1609 እስከ 1614 ደግሞ ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጉ ሞሪስኮዎች ከስፔን ተባረሩ። ብዙ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተነጥለው በክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድ ቀሩ።

ሳክሮሞንቴም ስሙን ያገኘው በዚሁ ዘመን ነው። ከ1595 ጀምሮ በዚያ ኮረብታ ውስጥ በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የእርሳስ ቅጠሎች ተገኙ፤ ከጥንት ክርስቲያኖች የቀሩ ናቸው ተብሎ ኮረብታው «ቅዱስ ተራራ» ተባለ። ቫቲካን በ1682 ሐሰተኛ ናቸው ብላ አወገዘቻቸው። ዛሬ ብዙ የታሪክ ምሁራን የጻፏቸው ሞሪስኮዎች ናቸው ይላሉ፤ ዓረብኛ በክርስቲያኖች ዘንድ ክብር እንዲያገኝና ሕዝባቸው እንዳይባረር የተጠቀሙበት የመጨረሻ ብልሃት ነበር። የሰው ልጅ ቋንቋውን ለማዳን ምን ያህል እንደሚደክም ከዚህ መማር ይቻላል።

ታዲያ ፍላሜንኮ የማን ነው?

አንዳንድ ወገኖቻችን «ፍላሜንኮ የሙስሊሞች ነው» ብለው በአንድ ቃል ይደመድማሉ። በ1936 የተገደለው የአንዳሉሲያ ጸሐፊና ፖለቲከኛ ብላስ ኢንፋንቴ «ፍላሜንኮ» የሚለው ስም ራሱ ተባራሪ ገበሬ የሚል ፍቺ ካለው የዓረብኛ ሐረግ የመጣ ነው የሚል ግምት አቅርቧል። ተመልካቹ ዘፋኙን ለማበረታታት የሚጮኸው «ኦሌ» «ወላሂ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚሉም አሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱንም በማስረጃ የጸኑ አድርገው አልተቀበሏቸውም።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ፍላሜንኮ በስሙ ተጠርቶ በጽሑፍ የሚገኘው ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና ከ19ኛው መጀመሪያ ወዲህ ነው። ሞሪስኮዎች ከተባረሩበት ጊዜ ጋር ያለው ክፍተት ከመቶ ሃምሳ ዓመት ይበልጣል። የሙዚቃ ሊቁ ማኑኤል ዴ ፋያ በ1922 በአል-ሐምራእ ግቢ ትልቅ የዘፈን ውድድር ሲያዘጋጅ ሦስት ምንጮችን ጠቅሶ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ዜማ፣ የሙስሊሞች መምጣትና የሂታኖዎች መግባት። ሌሎች ደግሞ የአይሁድንና የአፍሪካውያንን ድርሻ ይጨምራሉ። ስለዚህ ሙስሊሞች ድርሻ አላቸው ማለት ተገቢ ነው፤ ሁሉ የእኛ ነው ማለት ግን እውነትን መጣስ ነው።

ጥርጥር የሌለው በየዕለቱ በስፔኖች አፍ ላይ ያለው ነው። ከዓረብኛ የተወሰዱ ቃላት በሺህ ይቆጠራሉ። ዘይት «አሴይቴ»፣ ስኳር «አሱካር»፣ ጥጥ «አልጎዶን»፣ ትራስ «አልሞሃዳ» ይባላል። ስፔናዊ ነገ መልካም እንዲሆን ሲመኝ «ኦሃላ» ይላል፤ ቃሉ «አላህ ቢሻ» ከሚለው የመጣ ነው። የሚናገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማንን ስም እንደጠራ አያውቅም።

ስለ ዘፈን ልጆቻችንን ምን እንበላቸው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የሙዚቃ መሣሪያን በተመለከተ የአራቱ መዝሀቦች ዑለማ አብዛኞቹ የከለከሉት ሲሆን በሠርግ ጊዜ ድቤ መምታትን ፈቅደዋል። የአንደሉስ ልጅ የሆነው ኢብን ሐዝም (994–1064) ደግሞ በክልከላው ላይ የመጡት ሐዲሶች ሶሒሕ አይደሉም ብሎ የተለየ አቋም ይዟል። መጠጥ፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ መጨፈርና ሐያእን የሚያጠፋ ነገር ግን የሚያከራክሩ አይደሉም፤ በፍላሜንኮ መድረኮችም እነዚህ ሞልተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምነውን ዓሊም ጠይቆ ይያዝ። ልጆች ስለዚህ ምድር ቢጠይቁ ግን «ሐራም ነው» ብሎ ብቻ ዝም ማሰኘት ታሪካቸውን ከሌላ ሰው እንዲማሩ መላክ ይሆናል።

ድምፅ ራሱ የአላህ ኒዕማ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአዛኑን ቃላት በሕልሙ ያየውን ሶሓባ ለቢላል (ረ.ዐ) እንዲያስተምረው ያዘዙት የሐበሻዊው ድምፅ ያማረና ርቆ የሚሰማ ስለነበረ ነው። ጥያቄው ድምፁ ምን ይዞ ይሄዳል የሚለው ነው።

የአንደሉስ ታሪክ ለወላጆች የሚነግረው ከባድ ነገርም እዚህ ላይ ነው። በ1884 አልሞናሲድ ዴ ላ ሲዬራ በተባለች የአራጎን ከተማ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከወለሉ ሥር ተሸሽገው የነበሩ ብዙ የእጅ ጽሑፎች ተገኙ። ሞሪስኮዎች የደበቋቸው ኪታቦች ናቸው። ብዙዎቹ የተጻፉት በስፔንኛ ቋንቋ፣ ግን በዓረብኛ ፊደል ነው። ዓረብኛውን የማያውቁ ልጆች ዲናቸውን እንዲማሩ ወላጆች ያገኙት ዘዴ ይህ ነበር። አጻጻፉ «አልሃሚያዶ» ይባላል፤ «ዐጀሚያ» ከሚለው የመጣ ስም ነው። የእኛም የወሎ መሻይኾች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉ «ዐጀሚ» ብለው የሚጠሩት ይኸው ነው። የወሎው ዐጀሚ ዛሬም የሚያነበው ልጅ አለው። የአራጎኑ ግን ወደ ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ያህል ወለል ሥር ሲተኛ ከላዩ የሚረግጠው ሰው ምን እንዳለ አያውቅም ነበር።

ዜማ ያለ አስተማሪ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሊሻገር ይችላል። አሊፍ፣ ፋቲሓና ሸሃዳ ግን አንድ ሰው ተቀምጦ ካላስተማራቸው አይሻገሩም። አንዲት እናት «ነገ አስተምረዋለሁ» ብላ ብታዘገይ፣ ልጇም ለልጁ «ነገ» ቢል፣ በሦስተኛው ትውልድ የሚቀረው ምናልባት አንድ የሠርግ ጭፈራ ስምና ትርጉሙ የተረሳ «ኦሃላ» ነው። ያ ሕዝብ በእሳትና በዐዋጅ የተነጠቀውን እኛ ማንም ሳይነጥቀን በስንፍና እንዳናጣው ያስፈራል። የውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።

ዛሬ

ፍላሜንኮ በ2010 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አልባይሲን በ1994፣ አል-ሐምራእም ከእርሱ በፊት በ1984 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚልቅ ሌላ ቀን አለ። በ1992 የስፔን መንግሥት ከአገሪቱ የሙስሊሞች ተወካዮች ጋር ስምምነት ፈረመ። በሐምሌ 2003 ደግሞ በአልባይሲን ኮረብታ ላይ፣ ከአል-ሐምራእ ትይዩ፣ የግራናዳ መስጊድ ተከፈተ። ግቢው አበባና የውኃ ምንጭ አለው፤ ከአጥሩ አጠገብ ሆኖ የሚያይ ሰው ገደሉን አሻግሮ የነስሪዮችን ግንብ ያያል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዝም ብሎ በቆየው ሰፈር አዛን እንደገና ተሰማ። በዚያ ከሚሰግዱት ውስጥ በግላቸው እስልምናን የተቀበሉ ስፔናውያንና ልጆቻቸው ይገኛሉ።

አላህ ዲናችንን በልጆቻችን ልብ ውስጥ ያጽናልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።